ከአንገት ጋር የሚገጥም ቀለም

ኦክላንድ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩሓማ፣

ሦስት ዓመት ዋሻችሁኝ። እናትሽ ዋሸችኝ፣ እህትሽ ዋሸችኝ፣ አንቺም ዝም በማለት ዋሸሽኝ። ሰላምታው ይቆይ፤ መጀመሪያ ይህ ይጻፍ።

አሁን ሰላምታው። ጾሙን በጤና ያስፈጽምሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

እናትሽ ሸዋረጋ የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ከሞተች ወዲህ "አባቴ እርስዎ ነዎት" ስትለኝ ኖራለች። ወንዱ ልጅሽ የት ሄደ ብዬ ስጠይቃት "ቴክሳስ ሥራ አገኘ" አለችኝ። አመንኳት። በቤተ ክርስቲያን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ቴክሳስ፣ ቴክሳስ ስል ኖርኩ። ለካ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ እያወቀ ነው። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በስተርጅና በሰው ፊት ውሸታም አደረጋችሁኝ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ገዛኸኝ፣ ከወደቡ ኮንቴይነር የሚያመላልሰው፣ "መኪና ልገዛ ነው፣ ይዩልኝ" ብሎ ሳን ሆዜ ወሰደኝ። ከሐበሻው ግሮሰሪ ደጅ አንዲት ሴት አየሁ። አየችኝ፣ ፊቷን አዙራ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ገዛኸኝ "የሸዋረጋ ልጅ ሩሓማ አይደለችም እንዴ? ሰላም አይሏትም?" አለኝ። እሱም ያውቃል! እስክንመለስ ድረስ መንገዱን ሙሉ ያስረዳኝ እሱ ነው፤ ሴት መሆንሽን፣ ስምሽን በፍርድ ቤት ማስለወጥሽን፣ መነጽር ቤት መሥራትሽን። የእህቴን የልጅ ልጅ ነገር ከከባድ መኪና ሹፌር ሰማሁ።

የሴትነትሽን ነገር አልተረዳሁትም። የማልረዳው ብዙ ነገር አለ፤ ያልተረዳሁትን ግን አልሰድብም። ስምሽ ሩሓማ ከሆነ ሩሓማ ብዬ እጽፋለሁ። ቅሬታዬ ውሸቱ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። የፊትሽ ቀለም ከአንገትሽ ጋር አይገጥምም። ከመኪና ማቆሚያው ማዶ ሆኜ ነው ያየሁት። የቀባሽ ሰው ካለ ሁለተኛ እሱ ዘንድ አትሂጂ።

ስልክ አትደውዪልኝ። በስልክ የተባለ ነገር በማግስቱ "እንዲህ አላልኩም" ይባላል። ጻፊ።

ሃብተጽዮን

ሳን ሆዜ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ሃብተጽዮን፣

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ጾሙንም ያቅልልዎ። ቀኑን እርስዎ በሚወዱት አቆጣጠር ለመጻፍ ስልኬ ላይ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። አማርኛ መጻፍ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከቴክስት በቀር ስላልጻፍኩ ስህተቴን ይለፉልኝ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማሚ "ልባቸው አይችለውም፣ ትገያቸዋለሽ" አለችኝ። እኔም እሷን ማመኑ ቀለለኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ የፈራሁት እንዳይሞቱብኝ አልነበረም። በሕይወት ኖረው እንዳያናግሩኝ ነው የፈራሁት።

ግሮሰሪው ደጅ ፊቴን ያዞርኩት በራሴ ፊት አፍሬ ነው። ሜካፕ የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ቪዲዮ አይቼ ሱቅ ሄድኩና ፋውንዴሽን ገዛሁ፤ የቆዳ ቀለም ያለው የፊት ቅባት ነው። ሻጯ በዚያ ነጭ መብራት ሥር "ፐርፌክት ማች!" አለችኝ። የጢሜን ጥላ ልሸፍን ብዬ ደራረብኩት። ቤቴ መስታወት ላይ ደህና ነበር። ከዚያ ፀሐይ ላይ ወጥቼ የመኪናዬን መስታወት ሳይ የተለሰነ ግድግዳ መስያለሁ። ቀና ስል እርስዎ ቆመዋል።

የአንገቱን ነገር ሳነብ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሳቄ መጣ። አብራኝ የምትሠራ ቤዚ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ አለች። "ምን ያስቅሻል?" አለችኝ፤ አነበብኩላት።

"እኚህ ሰውዬ ሜካፕ አርቲስት ናቸው?"

"ኖ፣ ቦዲ ሾፕ መኪና ቀቢ ነበሩ።"

"በቃ እሳቸውን ጠይቂ። እኔማ ካየሁት ቆየሁ፤ ፈርቼሽ ነው" አላለችም መሰልዎት!

ስሜን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ከቤተሰቡ በወረቀት ላይ የጻፈልኝ ሌላ ሰው የለም።

የእህቴ የሃርነት ሰርግ ግንቦት 23 ነው፤ ጥሪው ደርሶዎታል። መልሱ በማግስቱ ሬድውድ ሲቲ አዳራሽ ውስጥ ነው። ማሚ እንድመጣ ፈቅዳለች፤ ግን ከኋላ፣ ከሃርነት ጓደኞች ጠረጴዛ። "ተቀብተሽ እንዳትመጪ፣ ሰው ያይሻል" ብላኛለች። ሳልቀባ ጥላው ይታያል፣ ስቀባ ቀለሙ ይታያል። ሰው ቢያየኝ ግድ የለኝም፤ ቀለሙን ሳያይ እኔን ቢያየኝ ነው የምፈልገው።

እርስዎ ይመጣሉ አይደል?

አክባሪዎ ሩሓማ

ኦክላንድ፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩሓማ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ያዘገየሁት ልመልስ ወይስ አልመልስ እያልኩ ነው።

ሰርጉ ላይ አልገኝም። ለእናትሽም አስታውቄያታለሁ። የዋሸኝ ሰው ድግስ አልበላም። ልትለምኚኝ እንዳትጽፊ።

የቀለሙን ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ሥራ ተበላሽቶ ማየት አልወድም። እኔን ማንም አላስተማረኝም። ኦክላንድ እንደመጣሁ ቦዲ ሾፕ እየጠረግሁ፣ የቀለም ጣሳ ላይ ያለውን ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ስሚ።

ቀለም በመብራት አይመረጥም። የሱቅ መብራት ሁሉን ያሳምራል። መንጋጋሽና አንገትሽ የሚገናኙበት ላይ ጥቂት አስነኪና ወደ ደጅ ውጪ። በቀን ብርሃን ፈልገሽ ያጣሽው ቀለም ያንቺ ነው። እጅሽ ላይ አትሞክሪ። የአንድ መኪና ኮፈንና በር እንኳ ፀሐይ እኩል ስለማያገኛቸው አንድ ዓይነት አይደሉም።

ከሥር ጥቁር ነገር እያለ በላዩ ብትከምሪ ውፍረት ነው የምታተርፊው። ጥላውን የሚገድል ሌላ ቀለም ከሥር ይገባል። የጢም ጥላ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሰማያዊን የሚገድለው ወደ ብርቱካን የሚያደላ ነው። ጥላው ባለበት ብቻ፣ በስሱ። ይርጋ። ከዚያ የቆዳሽን ቀለም፣ አሁንም በስሱ። ሁለት ስስ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል።

ጫፉ ላይ አታቁሚ። ጀማሪ የተጋጨውን ፓራፋንጎ ብቻ ቀብቶ መስመር ይተዋል። የሚያውቅ ሰው ቀለሙን እያሳሳ ወደ በሩ ያሻግረዋል፤ የት እንዳለቀ ማንም አያገኘውም። አንቺም እያሳሳሽ ወደ አንገትሽ አሻግሪው።

ከሁሉ በፊት ግን ገጹ ነው። ባልተዘጋጀ ገጽ ላይ የተቀባ ይላጣል። በአዲስ ምላጭ ተላጪ፣ ቆዳው እስኪረጋ ጠብቂ፣ ቅባት አድርጊ፣ ቅባቱም ሳይጠጣ አትጀምሪ። መቸኮል የሰነፍ ነው።

ደህና የተሠራ መኪና ላይ ሰው ቀለሙን አያደንቅም። "ይህ መኪና ተጋጭቶ ያውቃል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ሥራሽ አልቋል።

ሃብተጽዮን

ሳን ሆዜ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ፣

ለትንሣኤው በሰላም ያድርስዎ፤ ለእኛም በጤና ያቆይዎት።

በመጀመሪያ፣ እኔ የተጋጨ መኪና አይደለሁም።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። ወደ ብርቱካን የሚያደላውን ቤት ውስጥ ስላጣሁ በቀይ ሊፕስቲክ ተካሁት። "በስሱ" ያሉትንም ረሳሁት። በላዩ ፋውንዴሽን ሳደርግበት ፊቴ በሙሉ ሮዝ ሆነ። በዚያው ሰዓት ቤዚ በሩን አንኳኳች።

"ውይ! ማነው የመታሽ?"

"አባባ ናቸው" አልኳት።

ስቃ ስቃ ስትጨርስ አጥባኝ ሱቅ ወሰደችኝ። ያ ከሥር የሚገባው ኮሬክተር ይባላል፤ ለእኛ ቆዳ የሚሆነው እርስዎ እንዳሉት ብርቱካን ነው። ደጅ ደረጃው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሠራነው። "በጣትሽ አትጎትቺው፤ መታ፣ መታ" ትለኛለች። ፋውንዴሽኑን በረጠበ ስፖንጅ አሳሳሁትና ወደ አንገቴ አሻገርኩት።

"አሁን ዓይኔን?" አልኳት።

"ቅንድብሽን አበጥሪው። ማስካራው ቡኒ ይሁን፣ ጥቁሩ ይጮህብሻል። ከንፈርሽ ላይ ቀለም ያለው ባልም። በቃ! ከዚህ በላይ ከነካሽ እጅሽን ነው የምመታው።"

ሰኞ እንደዚያው ሆኜ ሥራ ገባሁ። መነጽር ስለካላቸው ፊታቸው ፊቴ ሥር ነው። አንዱ ፍሬሙ ጠበበኝ አለ፣ አንዷ ዋጋው በዛ አለች። ስለ እኔ ማንም ምንም አላለም። አባባ፣ ማንም ምንም ሳይለኝ የዋልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንዳልለምንዎ ነግረውኛል። የሰማሁትን ብቻ ልንገርዎ። እርስዎ ካልመጡ በመልሱ ላይ ቆሞ ቤተሰቡን ለአማቾቹ የሚያስተዋውቀው የአባቴ ወንድም ዓንዶም ነው። የሙሽራው ሽማግሌዎች ሃርነትን ሊጠይቁ የመጡ ቀን "አንድ ወንድም አላት፣ ቴክሳስ ነው" ብሏቸዋል። ያን ቀን እርስዎን ያልጠሩት ለጉልበትዎ አዝነው ነው ቢሉኝም አላመንኳቸውም። አሁን ይህንኑ በአዳራሽ ሊደግመው ነው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ቴክሳስ መሆኔን ልሰማ ነው።

ያስተዋውቁኝ አላልኩም። ቴክሳስ እንዳይነሳ ብቻ ነው የምፈልገው።

ሩሓማ

ኦክላንድ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩሓማ፣

ክርስቶስ ተነሥቷል፤ ሰላሙን ይስጥሽ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቀን አሰብኩበት፤ ከዚያ እናትሽን አስጠራኋት። ከዓንዶም ጋር መጣች። የተባባልነውን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፤ በኋላ ሌላ ሰው ሌላ እንዳይነግርሽ።

"ቤተሰቡን የማስተዋውቀው እኔ ነኝ" አልኳቸው።

እናትሽ ጉልበቴን ልትስም ተነሣች። "ተቀመጪ፣ አልጨረስኩም። ሳስተዋውቅ ውሸት አልናገርም።"

"ማን ይዋሹ አለዎት አጎቴ? ሃርነትን ብቻ ያንሱ።"

"ስንት ልጅ ወለድሽ?"

"አጎቴ ይተዉኝ..."

"ስንት?"

"ሁለት።"

"እንግዲያው ሁለት እላለሁ።"

ዓንዶም ገባበት። "አባባ፣ እኛስ መቼ ጠላናት? አማቾች ናቸው፤ የሰው ፊት አለ። ቀስ ተብሎ ይነገራቸዋል።"

"ለእኔስ? ቀስ ተብሎ ቀብሬ ላይ ሊነገረኝ ነበር?"

ዓንዶም ኮፍያውን ማገላበጥ ያዘ። እናትሽ አለቀሰች። "ይስቁብኛል" አለች። "በእኔም ሦስት ዓመት ተሳቀ፤ ይኸው አልሞትኩም" አልኳት። ሻይዋን ሳትጠጣ ሄደች። እሺም እንቢም አላለችም።

አሁን ጉዳዩ ያንቺ ነው። ስትጠሪ ፊትሽን የምታዞሪ ከሆነ አልጠራሽም። ብጠራሽ ትቆሚያለሽ? አትጥሩኝ ካልሽም ስለ ልጆቹ ጨርሶ አላነሣም፤ የሙሽራዋን ስም ብቻ ብዬ እቀመጣለሁ። ዝምታን እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ነገር ግን የሚታየው የእኔ ፊት ሳይሆን ያንቺ ነው። የእናትሽን እንባ አትቁጠሪበት፤ እሱ በእሷና በእኔ መካከል ነው።

በሊፕስቲክ የሠራሽው ሞኝነት ነው። ቤዚ የምትባለው ልጅ የምታውቅ ናት፤ ስሚያት።

ሃብተጽዮን

ሳን ሆዜ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ፣

ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለእርስዎ ይጨምርልዎ።

ማሚ ኮል አድርጋልኝ ነበር። ስለ አዳራሹ አወራች፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሃርነት ጫማ። ስለ እርስዎም ስለ እኔም ምንም። ልትዘጋ ስትል "ምን ልትለብሺ ነው?" አለችኝ።

"አረንጓዴ ቀሚስ።"

"እጅጌ አለው?"

"አለው።"

"ጥሩ" ብላ ዘጋችው። ምን ማለቷ እንደሆነ አላውቅም።

ቤዚ "ፈራሽ?" ትለኛለች። እፈራለሁ። አንድ ሰው ብቻ ቢስቅ ሃርነት ዕድሜዋን ሙሉ የምታስታውሰው ሳቁን ይሆናል። ሃርነትን ራሷን ጠየቅኋት። በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሳመጣው "ካልቆምሽ አላናግርሽም" ነው።

ይጥሩኝ። እቆማለሁ።

ሩሓማ

ኦክላንድ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩሓማ፣

ደርሶኛል፤ በርቺ።

የአዳራሹ መብራት ቢጫ ነው ብሎኛል ገዛኸኝ። ለመብራቱ ብለሽ አንዳች አትጨምሪ። በቀን ብርሃን ሥሪው፤ በቀን ልክ የሆነ በየትኛውም መብራት ያልፋል። ላብ ሲመጣ በሶፍት ተጫኚው፣ አትጥረጊው።

የምትቀመጪው ከፊት ነው። ለእናትሽ ነግሬያታለሁ።

ሃብተጽዮን

ሳን ሆዜ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባባ፣

ከዚያ ሁሉ መቆም በኋላ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ፈጣሪ ብርታቱን አይንሳዎት።

እርስዎ ቆመው ስለነበር ከጀርባዎ የሆነውን አላዩም፤ እኔ ልንገርዎ።

"የሸዋረጋ ልጆች ሁለት ናቸው፤ ታላቋ ሩሓማ፣ ታናሿ ሃርነት" ሲሉ ተነሣሁ። ያን ጊዜ ነው የሙሽራው አጎት ታደሰ እጁን ያነሣው። ክፋት አልነበረውም፤ እውነት ግራ ገብቶት ነው። "አባታችን፣ በሽምግልናው ዕለት ወንድም አላት፣ ቴክሳስ ነው ተብለን ነበር። እሱስ አልመጣም?"

ዓንዶም ሳህኑን ነው የሚያየው። ማሚ ዓይኗን ጨፈነች። እርስዎ ግን ሳይቸኩሉ "የተነገራችሁ ልክ አልነበረም። ቴክሳስ ልጅ የለንም። ያሉን ሁለት ሴት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ፊታችሁ ቆመዋል" አሉ። ለካ ሃርነትም ከሙሽራ ወንበሯ ተነሥታ ኖሯል።

ታደሰ አየኝ። ሲገባው አየሁት፤ ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ፊቴን ላዞር ፈለግሁ፤ አላዞርኩም። ከዚያ "ጥሩ ነው፤ የቴክሳሱን ቲኬት ተገላገልን" አለ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አልሳቀም። የሳቁት ግን በእኔ አልነበረም፤ ይህን መለየት ከልጅነቴ ጀምሮ እችልበታለሁ። ዓንዶም ምግብ ሳይቀርብ ወጥቶ ሄደ። ከእሱ ጋር የወጡም አሉ።

ስቀመጥ ማሚ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ። ሰው ወደ እኛ ሲመለከት ለቀቀችኝ። ደግሞ ያዘችኝ።

አሁን የሚያስቀውን። ከሙሽራው ወገን ያሉ አንዲት ትልቅ ሴትዮ አብራኝ ከመጣችው ቤዚ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። "የዘንድሮ ልጆች እንደ ቤት ተለስነው ይመጣሉ፤ ይቺ ግን ምንም ሳትቀባ እንዴት ታምራለች!" አሏት። ጠዋቱን ሙሉ ደረጃው ላይ ስትደክምብኝ የዋለችው ቤዚ ለስላሳው ትን አላት፤ ሴትዮዋ ጀርባዋን መቱላት።

አባባ፣ አንድ የምጠይቅዎ አለ። ማሚ ሽማግሌ ልካ ይቅርታ ልትጠይቅዎ ትፈልጋለች፤ ከቤተ ክርስቲያን አባቶች ጋር ተነጋግራለች። እኔም አብሬ መጥቼ ስለ ሦስቱ ዓመታት ከመጀመሪያው ጀምሬ ልነግርዎ፣ በቃሌም ይቅርታ ልጠይቅዎ እፈልጋለሁ። መቼ ይመችዎታል?

ልጅዎ ሩሓማ

ኦክላንድ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩሓማ፣

የሐዋርያት ጾም ዛሬ ገብቷል፤ ለፍጻሜው ያብቃሽ። ጉልበቴ እንደነበረው ነው።

ሽማግሌ እንዳይመጣ። ቢመጣ በሬን አልከፍትም። ሽማግሌ ሲመጣ ነገሩ እንደገና ከሥሩ ይነሣል፤ እናትሽ ታለቅሳለች፣ ዓንዶም ምክንያት ያበዛል፣ እኔም በመጨረሻ ሳልወድ ይቅር ብሏል እባላለሁ። በሰው ጉትጎታ ይቅር ያልኩት ነገር የለም፤ አሁንም አልጀምርም።

አንቺ ቅዳሜ ብቻሽን ነይ። ገዛኸኝ ምክሬን ትቶ ያንን መኪና ገዝቷል፤ በሩ እንደገና የተቀባ ነው፣ እሱ ግን አይታየውም። ዓይንሽ አሁን ስለሚለይ አሳይዋለሽ። ምሳ እዚህ ትበያለሽ።

ስለ ሦስቱ ዓመታት ግን አትነግሪኝም። መናገር የሚያስፈልግሽ ከሆነ ለቤዚ ንገሪ፤ ጆሮዋ ወጣት ነው። እኔ የተበደልኩትን በወረቀት ጽፌዋለሁ፣ በአዳራሽም አርሜዋለሁ። ይቅር ብለዋል ወይ ብላ እናትሽ ብትጠይቅሽ፣ አላውቅም በያት፤ እውነት ነውና። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚያ ነገር እኔ አልናገርም፣ በቤቴም አይነሣም፣ ከአንቺም ቢሆን አልሰማም።

ሃብተጽዮን